ይሉኝታ በኤራንግል ደሴት፦ ከጓደኛ ጋር ፐብጂ ስለመጀመር የቀረበ ጥናት

ይህ ጥናት «ፐብጂ ሞባይል» በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ከጓደኞቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰለፍ ሰው ምን እንደሚገጥመው፣ በምን ምክንያት እንደሚሞትና ሌሎቹ ለምን ተከትለውት እንደሚሞቱ ለመፈተሽ የተካሄደ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ምሁሮቻችን ስለ ጤፍ፣ ስለ ቅኔና ስለ አፈር መሸርሸር ብዙ ሲጽፉ፣ በየምሽቱ በየሳሎኑ «አንሱኝ! አንሱኝ!» እያለ ስለሚጮኸው ወጣት ግን ዝም ብለዋል። በጉዳዩ ላይ ቀደም ሲል የተሠሩ ሥራዎችን ለመቃኘት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ተነሥቶ ስለነበር ጊዜ አልተገኘም።

የጥናቱ መላምት አንድ ነው። አዲስ ገቢ ያለበት የአበሻ ቡድን በተሸነፈ ቁጥር ሦስት ምክንያቶች ይደረደራሉ፦ ኔትወርኩ፣ የስልኩ መጋል፣ እንዲሁም «ሰውየው ሀከር ነው» የሚል። ሦስቱም አልፎ አልፎ እውነት ናቸው። አጥኚው ግን ከሶፋ ጥግ ሆኖ ብዙ ምሽት ከታዘበ በኋላ የደረሰበት ሌላ ነው፤ ቡድኑን የሚገድለው ይሉኝታ ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ስለ ጥይት አወራረድ፣ ስለ ቦምብ ፍንጣሪና ስለ መኪና ነዳጅ አብዝተው ተጨንቀዋል። ይሉኝታን ከስሌት አላስገቡም። ይህንን እንደ ትልቅ የምሕንድስና ጉድለት እንቆጥረዋለን።

የጥናቱ ዳራ

ጨዋታውን የሚያውቁ አንባቢዎች ይህን ክፍል ሳያነቡ ያልፉታል፤ መመሪያ መዝለል ልማዳቸው ነውና። ለማያውቁት ግን፦ 100 ሰዎች ባዶ እጃቸውን አውሮፕላን ይሳፈራሉ፣ አንድ ደሴት ላይ በፓራሹት ይዘላሉ፣ በየቤቱ እየገቡ መሣሪያ ይለቅማሉ፣ ከዚያም ይገዳደላሉ። መጨረሻ ላይ በሕይወት የቀረው ያሸንፋል። በአራት በአራት የሚሰለፉበት ዓይነት «ስኳድ» ይባላል፤ በአንድ ጨዋታ 25 ቡድን አለ ማለት ነው። ከካርታዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ኤራንግል ነው፤ 8 ኪሎ ሜትር በ8 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ የሶቪየት ጦር ጥሎት የሄደ ተብሎ የተፈጠረ ምናባዊ ደሴት። ጊዜ በሄደ ቁጥር መቆም የሚፈቀድበት ክብ እየጠበበ ይመጣል፤ ከክቡ ውጭ የተገኘ ሰው ቀስ በቀስ ይሞታል። ቦታ እየጠበበ፣ ዳር ያለውም እየተገፋ መሄዱ ለአዲስ አበባ ተከራይ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ተሳታፊዎቻችን በዚህ ሕግ አልተደናገጡም።

ሐሳቡን ያመነጨው ብሬንዳን ግሪን የተባለ አየርላንዳዊ ነው። ብራዚል ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው «ባትል ሮያል» ከተባለ የጃፓን ፊልም መነሻ ወስዶ፣ ሌሎች የሠሩትን የጦር ሜዳ ጨዋታ ለራሱ በሚመቸው መንገድ እየለወጠ ጀመረው። በኋላ አንድ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ጠርቶት የኮምፒውተሩ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ገበያ ላይ ዋለ፤ ቴንሰንት የተባለው የቻይና ኩባንያ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2018፣ የስልኩን ለዓለም አወጣ። ነገሩ ወደ እኛ ሳሎን የገባው ያኔ ነው። ጨዋታውን የሚሸከም ኮምፒውተር ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ስልክ ያለው ግን ብዙ ነው።

ስለ ሕጋዊ አቋሙም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ኢራቅና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2019 ጨዋታውን አገዱት፤ የኔፓሉን እገዳ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብዙም ሳይቆይ አስቁሞታል። ሕንድም በ2020 አግዳው፣ የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ በቀጣዩ ዓመት ለሕንድ ብቻ በተዘጋጀ በሌላ ስም መልሶ አስገባው። ጥናቱ በተካሄደበት ቤት እገዳው የሚመጣው ከእናት ነው። ይግባኝ የለውም፤ ስም ቀይሮ መግባትም አይቻልም። የእገዳው ምክንያት ሆኖ በቃል የተሰጠው የሚከተለው ነው፦ «እናንተ ልጆች፣ ካርድ ሞልታችሁ ትገዳደላላችሁ?» አጥኚው ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ በጽሑፍም ሆነ በቃል አላገኘም።

የናሙና አመራረጥ

ናሙናው የተመረጠው በአመቺነት ነው፤ ሳሎን ውስጥ የነበሩት ተወሰዱ። ማንነታቸውን ለመጠበቅ በፊደል እንጠራቸዋለን።

ተሳታፊ ሀ የቡድኑ መሪ ነው። መሪ ያደረገው ቀድሞ መጀመሩ ነው። ማዕረጉ «ክራውን» ሲሆን፣ ይህን ሳይጠየቅ ይናገራል። ተሳታፊ ለ ታናሽ እህቱ ናት፤ ከአራቱ አነጣጥራ የምትመታው እሷ ብቻ ናት፣ ካርታ የምታነበውም እሷ ብቻ ናት፣ ስለዚህ አስተያየት አትጠየቅም። ተሳታፊ ሐ የሀ የሰፈር አብሮ አደግ ሲሆን አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። በጨዋታው ውስጥ ልብስና የመሣሪያ ቀለም የሚገዛበት «ዩሲ» የሚባል ገንዘብ አለ፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ፈተና ስለሆነ ለሁሉም የሚገዛው ሐ ነው። ልብሱ ጥይት አይመልስም። ያም ሆኖ ቀድሞ ጫማና ስልክ ይላክልን የነበረበት መሥመር ዛሬ ለዩሲም ያገለግላል፤ በዚህም ምክንያት ሐ ምንም ዓይነት ስሕተት ቢሠራ «አይዞህ፣ ኔትወርክ ነው» ይባላል። ተሳታፊ መ አዲስ ገቢው ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነው። ይህ በኋላ ያስፈልገናል።

የመ አገባብ በሥርዓቱ የተፈጸመ ነበር። ሀ ጋበዘው፤ መ «እኔ አልችልበትም» አለ፤ ሀ «ችግር የለም፣ እናስተምርሃለን» አለ። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በጥብቅ ተመርምራለች። ከዚያ በኋላ በተሰበሰበው መረጃ ውስጥ ትምህርት ሊባል የሚችል ነገር ተፈልጎ አልተገኘም። የተገኘው «ዝም ብለህ ተከተለኝ» የሚል ብቻ ነው። ጨዋታው ራሱ ይህን የሚያበረታታ ቁልፍ አለው፤ ከአውሮፕላን ሲዘለል «ተከተል» የሚለውን የነካ ሰው መሪው የወረደበት ይወርዳል። ስለዚህ መ እስከ ዛሬ ድረስ ፓራሹት እንዴት እንደሚመራ አያውቅም። ሀ በተሳሳተ ጊዜ አብሮ መሳሳት ግን በሚገባ ያውቃል።

መ ወደ ቡድኑ ከመቀላቀሉ በፊት ቤቱ ብቻውን ሞክሮ ነበር። ጨዋታው ከአንድ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ለማውረድ የእኅቱን የሠርግ ቪዲዮ ከስልኩ አጥፍቷል፤ ይህን ለእኅቱ እስካሁን አልነገራትም። ስሙንም እንደ ባንክ ፎርም ከነአባቱ ሊያስመዘግብ ፈልጎ ስሙ ቀድሞ ተይዟል ስለተባለ፣ ሌላ ሰው በስሙ እየተዋጋ መሆኑን በማወቁ ለሁለት ቀን ተጨንቋል። ከዚያ ጀመረ፤ ወዲያውም አሸነፈ። ሰውን ሁሉ ጨረሰ። በማግስቱ ሳሎን የመጣው ደረቱን ነፍቶ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ጨዋታው ጀማሪ እንዳይሸሽ ስለሚፈልግ የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች በአብዛኛው በ«ቦት» ይሞላል። ቦት በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ምስል ነው፤ ሜዳ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አጥር ይተኩሳል፣ ስም ግን እንደ ሰው አለው። መ የጨረሳቸው እነዚህን ነው። ሀ ይህን ያውቃል። ለ ታውቃለች። ሐ ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ ያውቃል። ሦስቱም «በጣም ጎበዝ ነህ፣ ተሰጥዖ አለህ» አሉት። ለ ይህን ስትል ቀና ብላ አላየችውም። በጥናቱ የተመዘገበው የመጀመሪያ የይሉኝታ ክስተት ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚከተለው ውድቀት ሁሉ መነሻው እዚህ ነው። ተሰጥዖ እንዳለው የተነገረው የሂሳብ ሠራተኛ ከፊት ይሮጣል።

የጊዜ፣ የርቀትና የሰላምታ ጉዳዮች

ቀጠሮው «ማታ 3 ሰዓት» ነበር። ሀ ይህን ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሐ ግን ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ስለኖረ ከ«3» በቀር ያለውን ረስቶ፣ በራሱ ሰዓት ከቀትር በኋላ 3 ላይ ተዘጋጅቶ ተገኘ። በሁለቱ ከተሞች መካከል በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ልዩነት አለ። እናም እሱ ሲመጣ እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ሆኗል። ሦስቱ እሱ እስኪመጣ መጀመር ይችሉ ነበር፤ ጨዋታው ጎዶሎውን በማያውቁት ሰው ሞልቶ ያስገባቸዋል። ማንም ይህን ሐሳብ አላቀረበም። ስልኮቹ ቻርጀር ላይ እንደተሰኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ መሣሪያ ሳይዙ በስክሪኑ ላይ ቆመው እየተነፈሱ፣ ሰዎቹም ሶፋ ላይ ተቀምጠው እየተነፈሱ ጠበቁት። ስልኩ የጋለው ያኔ ነው። በኋላ ግን ጥፋቱ ወደ ስልኩ ዞረ።

ፒንግ የሚባለውንም በአጭሩ እናስረዳ። ፒንግ ከስልክህ የወጣ ትእዛዝ ጨዋታው ያለበት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ በሚሊ ሰከንድ ተለክቶ በስክሪኑ ላይ እንደ ሁኔታው በአረንጓዴ፣ በቢጫ ወይም በቀይ ይጻፋል። የቀለሞቹ ቅደም ተከተል አጋጣሚ ነው፤ አጥኚው ከምንም ጋር አያያይዘውም። ቡድኑ የመረጠው የአውሮፓን ሰርቨር ነው፤ ለሐም ለእኛም መሐል መንገድ ስለሆነ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ ከባሕር ገመድ የሚገናኘው በጎረቤቶቿ፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሐል አውሮፓ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደርሶ ለመመለስ ምንም ሳይደናቀፍ እንኳ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ይህን በተግባር እንየው። ሀ እና መ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክርናቸው ይነካካል። ሀ ለመ ባንዴጅ ጣለለት። ባንዴጁ ከሶፋው ተነሥቶ ጅቡቲ ወረደ፣ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ አውሮፓ ደርሶ ተመዘገበ፣ በመጣበት ተመልሶ ከመ ጉልበት ሥር አረፈ። መ «ምንድነው ይሄ?» አለ።

ሌላው ችግር ድምፅ ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ማይክ ከፍተው ሲጫወቱ ማንኛውም ጩኸት መጀመሪያ ከአፍ፣ ቀጥሎ ከስልኩ ይሰማል። ለ «ሰው አለ!» ስትል መ ሁለት ጊዜ ሰማ፤ ሁለት ሰው እንዳለ ተረዳ፤ አንዱ በሞተ ጊዜ ሁለተኛውን ፍለጋ ከተደበቀበት ወጣ። ማይኩ የቤቱንም ምሥጢር ያወጣል። በጥናቱ ወቅት በጦር ሜዳው ላይ ከተሰሙት ድምፆች መካከል የሽንኩርት ቁሌት፣ የጎረቤት ዶሮ፣ እንዲሁም «ማነው እሱ፣ አሜሪካ ያለው ነው? እስቲ ስጠኝ» የሚል የእናት ድምፅ ይገኙበታል። ሐ ሽጉጡን ይዞ፣ ከድንጋይ ጀርባ በርከክ እንዳለ፣ «እማማ፣ እንደምን አሉ?» ብሏል። ድንጋዩ በቂ ከለላ አልነበረም።

ሰላምታ የራሱ አንቀጽ ይገባዋል። አውሮፕላኑ ደሴቲቱን አቋርጦ ለማለፍ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌሎቹ ቡድኖች ካርታ ላይ ምልክት አድርገው፣ የት እንደሚወርዱ ተስማምተው ይዘላሉ። የእኛ ቡድን በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰላምታ ይለዋወጣል። «ሰላም ነው? ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ? እሷስ? ልጁ አደገ?» ሐን ከሳምንት በላይ ካላገኙት ደግሞ ስለ ቅዝቃዜው ይጠየቃል። ለ «ዝለሉ» ትላለች። ሀ «ቆይ፣ ሰላም ልበለው» ይላል። ጨዋታው ሳይዘል የቀረን ሰው በመጨረሻ ራሱ ገፍትሮ ያወጣዋል፤ ቡድኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዚህ መንገድ፣ የደሴቲቱ ዳርቻ ላይ፣ ቤት በሌለበት ሜዳ ነው። ሰላምታው ግን በሥርዓቱ ተጠናቋል።

ዋናው ግኝት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንገባለን። በየጊዜው አውሮፕላን ከሰማይ በፓራሹት ሳጥን ይጥላል። ሳጥኑ ሲያርፍ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ከሩቅ ስለሚታይ መሣሪያ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይመለከታል። በሳጥኑ ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ኤደብልዩኤም የተባለው የተኳሽ ጠመንጃ ነው፤ ባለ ሦስተኛ ደረጃ የራስ ቁር ያጠለቀን ሰው ራሱን ከመታ በአንድ ጥይት ይጥላል። ስለዚህ ከሳጥኑ ደርሶ፣ ወስዶ፣ መሸሽ ነው። አራት ሰዎች ሳጥኑን ከበው ሲቆሙ ግን በሥጋ ቤት ሂሳብ ለመክፈል የሚደረገው ዓይነት ግብግብ ተጀመረ። በቃል የተቀዳው እንዲህ ይላል፦

«አንተ ውሰደው።»
«ኧረ አንተ ውሰድ፣ የምትችልበት አንተ ነህ።»
«አይ፣ እንግዳው ይውሰድ።»
«ኧረ በእናታችሁ፣ እኔ ምን አደርግበታለሁ?»
«በሞቴ!»

«በሞቴ» ያለው ሀ ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ብዙ አልቆየም። ጥይቱ የመጣው ከወደ ኮረብታው ሲሆን፣ ኤደብልዩኤሙ ሳይነካ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ፤ በኋላም የገደሉን ሰዎች ያለ ምንም ግብዣ ወሰዱት። ለ ጠመንጃውን ለመውሰድ እጇን ዘርግታ እንደነበር፣ «ቆይ አንቺ፣ እንግዳው ይቅደም» ተብላ እንደመለሰችው ለመዝገብ ያህል ይጠቀስ።

ከሳጥኑ ባልተናነሰ የሚያስገርመው የአቅጣጫ አሰጣጥ ነው። የስክሪኑ አናት ላይ ዲግሪ የሚያሳይ ኮምፓስ አለ፤ ካርታ ላይ ምልክት ማድረግም ይቻላል። ቡድኑ ሁለቱንም አይጠቀምም። እኛ ከተማ ውስጥ ስንኖር መንገድና ቁጥር አንጠቅስም፤ «ከኮንቴይነሩ ወረድ ብሎ፣ ቢጫው ግንብ ጋ» እንላለን፤ ይህም ኮንቴይነሩ እስካልተነሣ ድረስ ይሠራል። ኤራንግል ላይ ግን «እዛ ጋ!» ሲባል «እዛ የት?»፣ ቀጥሎ «ዛፉ ጋ!» ይባላል። ደሴቲቱ በዛፍ የተሞላች ናት። ለ አንድ ጊዜ በጠራ ድምፅ «215 ላይ!» ብላ ነበር። መ እየሮጠ «ምኑ ነው 215?» አለ። የሂሳብ ሠራተኛ መሆኑ ያስፈልገናል ያልነው ለዚህ ነበር።

መ የወደቀው ፖቺንኪ በምትባለው፣ ከደሴቲቱ መሐል አካባቢ ባለችና ሁሉም በሚሻማባት መንደር፣ በሁለት ቤቶች መካከል ባለ ገላጣ ቦታ ነው። በስኳድ ጨዋታ የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም፤ በእንብርክኩ ይሄዳል፣ ደሙ ቀስ በቀስ ያልቃል። ጓደኛው አጠገቡ በርከክ ብሎ 10 ሰከንድ ያህል ቢቆይ ያነሣዋል። በእነዚህ 10 ሰከንዶች ውስጥ የሚያነሣው ሰው መተኮስ አይችልም። አራቱም በወደቁ ጊዜ ደግሞ ቡድኑ ያበቃል። ሕጉ ይህ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ተኳሽ በሚያየው ሜዳ ላይ ከወደቀ ሦስቱ ትተውት መሄድ አለባቸው። ቡድኑ ካሸነፈ ለወደቀውም ድል ይቆጠርለታል። መተው ጭካኔ አይደለም ማለት ነው፤ ሕጉ ራሱ ፈቅዶታል።

መ «አንሱኝ» አለ። ሀ ሄደ፤ በሰባተኛው ሰከንድ ወደቀ። አሁን ሁለት ሰው «አንሱኝ» ይላል። ሐ ከዋሽንግተን ተነሣ፤ ፒንጉ ቀይ ስለነበር በስክሪኑ ላይ ደርሶ በሰርቨሩ ላይ ገና እየሮጠ ነበር፤ በሁለቱም ቦታ ተመታ። ለ ቤት ውስጥ ናት፣ ጤናዋ ሙሉ ነው፣ መስኮቱ ምቹ ነው፣ ተኳሹንም አይታዋለች። «አልመጣም» አለች። መ በዚህ ጊዜ ንግግሩን ለወጠ፦ «ተይን፣ አንቺ ሂጂ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በጥናቱ ውስጥ ከሁሉም አደገኛው ሆኖ ተገኝቷል። በአማርኛ «ተይን፣ ሂጂ» ተብላ የሄደች ሰው ስለመኖሯ ማስረጃ አልቀረበልንም። ለ ከመስኮቱ ወረደች። በኋላ ለምን እንደሄደች ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ታዲያ ነገ ቁርስ ላይ የወንድሜን ፊት እንዴት አየዋለሁ?»

መላምቱን ለማረጋገጥ ማነጻጸሪያ ያስፈልግ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሐ አንድ ምሽት ሌሎቹን ስላላገኛቸው ጨዋታው ከመረጠለት ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር ገብቷል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተመትቶ ወደቀ። ሦስቱ አዩት፣ መሣሪያው ጠቃሚ መሆን አለመሆኑን መረመሩ፣ ጥይቱን ወሰዱ፣ ሄዱ። ቡድኑ አንደኛ ወጣ። አንደኛ የወጣ ቡድን ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ «የዶሮ እራት» የሚያበስር ጽሑፍ ይመጣል፤ የጨዋታው ትልቁ ክብር ይህ ነው። ሐ ይህን ዶሮ እስከ ዛሬ አይቆጥረውም። «ደግሞ እሱ ዶሮ ነው?» ይላል። ሰላምታም አልተለዋወጡም ነበር።

የእኛ ቡድን በጥናቱ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ አሸንፏል። አሸናፊ ያደረገው ስልት አልነበረም። ያን ምሽት መ ቤቱ ሆኖ ነበር የሚጫወተው፤ እናቱ ዘንድ የእድር ሰዎች ስለመጡ ማይኩን ዘግቷል። እንደ ልማዱ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ነገር ግን ድምፅ አልተሰማም። መውደቁን የሚያሳይ ምልክት ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ሦስቱም አይተውታል። ሀ በኋላ እንዳስረዳው «ዝም ካለ ተመችቶታል ማለት ነው ብለን» አለፉ። ለ መስኮቷን አልለቀቀችም። ክቡ ጠበበ፣ ሌሎቹ በየተራ አለቁ፣ የመጨረሻውን ሰው ለ ከ215 አካባቢ ባለ ዛፍ ሥር መታችው። የዶሮ እራቱ መጣ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የጾም ቀን በስክሪን ላይ የሚመጣ ዶሮ ጾም ይገድፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሳሎኑ ውስጥ ከጨዋታው ረዘም ላለ ጊዜ አከራክሯል፤ ለሚመለከታቸው አባቶች ግን አልቀረበም። ክፍፍሉ አላስቸገረም። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለአራት ሰው ሦስት ሦስት ይደርሳል፣ የሞተው መም ድርሻው አይጎድልበትም። ያከራከረው ፈረሰኛው ለማን ይገባል የሚለው ነው። ሀ መሪ ነኝ አለ። ሐ ስለ ዩሲው አስታወሰ። በመጨረሻ ለእንግዳው ይሰጥ ተባለ። ለ ስልኳን ቻርጀር ላይ ሰክታ ተኛች።

የጥናቱ ውሱንነት

ጥናቱ በአንድ ሳሎን ተወስኗል። የዩኒቨርሲቲ ዶርሞችን አይመለከትም፤ እዚያ የወደቀን ሰው ዘርፎ መሄድ የተለመደ መሆኑ ተነግሮናል። በመብራት መጥፋት የተቋረጡ ግጥሚያዎች ከትንተናው ወጥተዋል፤ ባይወጡ ኖሮ የሚተነተን ብዙም ባልቀረ ነበር። አጥኚው መጫወቱንና አለመጫወቱን በተመለከተ የሚነሣ ጥያቄ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ከጓደኞችህ ጋር ለመጀመር ያሰብህ አንባቢ፣ ስለ መሣሪያ ምርጫ፣ ስለ ማነጣጠርና ስለ ካርታ ሌላ ቦታ ብዙ ምክር ታገኛለህ። ከዚህ ጥናት የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፦ ስትወድቅ ማይክህን ዝጋ።